ሐረጎ ላይ የሚከፈተው የመኪናዬ ኪስ

አክስቴን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይዣት እየወረድኩ ነበር። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ከፊቷ ያለው የመኪናው ኪስ ድንገት ተከፈተና ያለው ሁሉ ጉልበቷ ላይ ተዘረገፈ። ሊብሬው፣ የሦስተኛ ወገን ወረቀቱ፣ ፒንሳው፣ ከወር በፊት ገዝቼ የረሳሁት ግማሽ ኪሎ ሚስማር። «ቢስሚላሂ!» ብላ ሚስማሩን በነጠላዋ አፈሰችው። ከዚያ እስከ ኮምቦልቻ ክዳኑን በጉልበቷ ደግፋ ወረደች። አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እሱ ነው የከበደኝ።

ይህንን ኪስ ብዙ ሰው በደፈናው ዳሽቦርድ ይለዋል። እኔ እዚህ ኪስ እለዋለሁ፣ ከዋናው ዳሽቦርድ ጋር እንዳይምታታ። መኪናዬ በፈረንጆቹ የ1988 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ ከአባቴ የቀረችኝ። ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ጠዋት ወደ 25 ኪሎ ሜትር እወርዳለሁ፣ ማታ ያንኑ እወጣለሁ። ከፍታው ወደ 600 ሜትር ስለሚለያይ መንገዱ ዝም ብሎ ይጠማዘዛል። የላላ ነገር ካለ ሐረጎ ያወጣዋል።

መጀመሪያ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ሁለት ጊዜ ከፈት ዘጋ አደረገና «አብሽሪ እህቴ፣ ሙሉውን እንቀይረዋለን» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ራሴ ፈታሁት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ክዳኑ ላይ እጀታ አለ። እጀታውን ስትስቡ ከጀርባው ያለችው ምላስ ወደ ውስጥ ትገባለች። ስትለቁት ትንሽ ሞላ መልሶ ይገፋታል። ክዳኑ ሲዘጋ ምላሷ ዳሽቦርዱ ላይ በሁለት ብሎን የታሰረ ብረት ውስጥ ገብታ ትነክሳለች። ያንን ብረት መያዣ እንበለው። የመኪናው ዓይነት ሲለያይ ቅርጹ ይለያያል እንጂ ምላስ፣ ሞላና መያዣ ከሌለው ብዙም አላየሁም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ዳሽቦርዱ ላይ «ኤስአርኤስ» (SRS) የሚል ጽሑፍ ካለ እዚያ ውስጥ ኤርባግ አለ ማለት ነው። ከኪሱ ጀርባ ቢጫ ሽቦ ወይም ቢጫ ሶኬት ካያችሁ አትንኩት። የእኔዋ ኤርባግ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ለዚህ ሥራ ተመችታኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ምላሷ ተበልታ ሲያይ «አገኘሁት!» ይልና ምላሷን ብቻ ይጠግናል። እኔም እንደዚያው ነበር ያደረግኩት። በሱፐር ግሉ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሼ የተበላውን ጠርዝ ሞላሁት። ወዲያው እንደ ድንጋይ ደረቀ። አማረልኝም። በሳምንቱ ግን ሐረጎ ላይ ቅርፊቱ ተላቀቀ። ያ ፕላስቲክ ልሙጥ ነው፣ ማጣበቂያ አይወድም። ደግሞም ምላሷን ምን እንደበላት አልጠየቅኩም።

ጥያቄውን የመለሰልኝ ኩል ነው። መኳያዬን ነክሬ የምላሷን ጫፍ ዙሪያውን ቀባሁት። ክዳኑን ቀስ ብዬ ዘጋሁና ከፈትኩ። መያዣው ላይ የቀረው ጥቁር ምልክት ከታች በኩል ብቻ ነበር፣ ከቀጭን ክር የማይበልጥ መስመር። ምላሷ ሙሉ ለሙሉ አትገባም ነበር ማለት ነው። ጫፏን ብቻ አስነክሳ ነው የኖረችው። ኩል ከሌላችሁ ሊፕስቲክም ይሆናል፤ ቀለሙ እንዲያውም ይበልጥ ይታያል።

ምላሷ ለምን ጫፏን ብቻ ነከሰች? ክዳኑን ዘግታችሁ ዙሪያውን ያለውን ክፍተት እዩ። የእኔ በግራ በኩል ጠባብ፣ በቀኝ በኩል ጣት የሚያስገባ ነበር። ክዳኑ አጋድሏል። ከታች ማጠፊያው ላይ ካሉት ብሎኖች አንዱ ፕላስቲኩን በልቶ ዝም ብሎ ይዞራል። ምንም አይዝም። ለዚህ መድኃኒቱ ሁላችንም ቤት አለ፤ መፋቂያ። ከመፋቂያዬ ጫፍ ክብሪት እንጨት የምታክል ስንጥር ቆርጬ ቀዳዳው ውስጥ ሰካሁ፣ የተረፈውን ከላይ ቆረጥኩ። ከዚያ ብሎኑን በእጅ ካቻቢቴ ቀስ እያልኩ አሰርኩት። እንጨቱን እየነከሰ ገባ። አጥብቃችሁ አትጨርሱት፤ እምቢ ማለት ሲጀምር በቃ።

ከዚያ የመያዣውን ብሎኖች ላላ አድርጓቸው። የብዙዎቹ ቀዳዳ ሞላላ ነው፤ ላላ ሲል መያዣው ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ወደ ምላሷ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር አስጠግታችሁ እሰሩ። እንደገና ኩል ቀቡ፣ ዝጉ፣ ክፈቱ። ምልክቱ መሐል ላይ ሰፋ ብሎ እስኪያርፍ ድረስ። እኔ አራት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። ጣቶቼ የሙሽራ ዓይን መስለው ነበር።

ምላሷ የተበላችው ትንሽ ከሆነ ማስጠጋቱ ይበቃታል። ክብ የሆነውን የሚነክሰውን ጠርዝ ብቻ በቀጭን ሞረድ ጥቂት ቀጥ አድርጉት። ሲዘጋ ተንሸራትቶ የሚገባውን ተዳፋት ጎን አትንኩ፤ እሱን ከሞረዳችሁት ክዳኑ በጥፊ ካልሆነ አይዘጋም። በጣም ከተበላች ግን ማባበል አያስፈልግም፣ ምላስና እጀታውን ብቻ ያገለገለ ፈልጉ። ሙሉ ኪስ አይደለም።

ሞላው ከደከመ ምላሷን በጣት ስትጫኗት ተኝታ ትቀራለች። እጀታውን የምትፈቱት ትልቅ ፌስታል ውስጥ እጃችሁን አስገብታችሁ ይሁን። የእኔ ሞላ ዘልሎ ወንበሩ ሥር ገብቶ ግማሽ ሰዓት አስፈልጎኛል። ሞላውን በትንሹ ሳብ ማድረግ ለጊዜው ያነቃዋል። ልክክ ካለ የእስክሪብቶ ሞላም ይሠራል፣ ደከም ያለ ቢሆንም። ግራሶ አትቀቡ። አቧራውን ሁሉ ሰብስቦ ሊጥ ይሆናል። እርሳስ ፈቅፍቃችሁ ዱቄቱን ምላሷ ላይ ብታሹት ያንሸራትታታል።

ሁሉንም ከገጠምኩ በኋላ ክዳኑን በጣቴ መታ መታ ሳደርገው አሁንም ይንኳኳል። ያኔ ነው የክዳኑ ማረፊያ ጠርዝ ላይ ሁለት ባዶ ቀዳዳዎች ያየሁት። ለካ እዚያ ሽምብራ የምታክል ጎማ ነበረች፤ በግራም በቀኝም። ሥራዋ ክዳኑን ከውስጥ መግፋት ነው፣ ምላሷ መያዣው ላይ ተጨንቃ እንድትቀመጥ። ጎማዎቹ ወድቀው ስለጠፉ ክዳኑ በየመንገዱ ሲርገበገብ ኖሯል። ምላሷን የሞረዳት እሱ ነው። ስንት ዓመት!

ጎሚስታ ቤት ሄጄ የተጣለ ካላማዳሪ ቁራጭ ለመንኩ። ልጁ ሳቀብኝ እንጂ ገንዘብ አልተቀበለኝም። በመቀስ አራት ትናንሽ ክቦች ቆርጬ ሁለት ሁለቱን ደራርቤ ቀዳዳዎቹ ላይ ለጠፍኳቸው። ለጎማ ሱፐር ግሉ ጥሩ ነው። ውፍረቱን ስትመርጡ ክዳኑ ሲዘጋ ትንሽ እምቢ ብሎ ጠቅ ማለት አለበት። በሁለት እጅ ካልገፋችሁት የማይዘጋ ከሆነ አንዱን ንብርብር አንሱ፤ አለበለዚያ እጀታው ይሰበራል።

ይህንን ሥራ ደሴ ላይ በማለዳ አትጀምሩት። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ብርዱ ፕላስቲኩን አድርቆት፣ ያረጀ ነገር ሲታጠፍ ቀጭ ይላል። መኪናዋ ፀሐይ እስኪነካት ጠብቁ፣ ወይም ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ቀትር ላይ ፍቱት።

ሥራው ባለቀ ማግሥት አክስቴን መለስኳት። ሚስማሩን ወደ ኋላ አዛውሬዋለሁ፤ ኪሱ ውስጥ ወረቀት ብቻ ነው ያለው። ሐረጎ ስንደርስ ጉልበቷን ቀስ ብላ ወደ ክዳኑ አስጠጋች። «አክስቴ፣ ተሠርቷል እኮ» አልኳት። «አውቃለሁ ልጄ፣ ንጂ» አለችኝ። ጉልበቷን ያነሳችው ደሴ ስንገባ ነው።