የጃፓን ቆነጃጅት ህትመት ስትገዙ ዋናውን ከቅጂው እንዴት እንደምትለዩ

«ኡታማሮ» የሚል ፊርማ ስላያችሁ ብቻ ገንዘብ እንዳታወጡ። ፊርማው ከስዕሉ ጋር አብሮ እንጨት ላይ የሚቀረጽ ስለሆነ ቅጂ ሠሪውም ይቀርጸዋል። የቆነጃጅት ሠዓሊው ኪታጋዋ ኡታማሮ በ1806 እ.ኤ.አ. ቢሞትም ቆነጃጅቱ ዛሬም ቶኪዮ ውስጥ በእጅ እየተቀረጹ ይታተማሉ።

መጀመሪያ ከፍሬሙ አስወጡት። ሻጩ እምቢ ካለ ትቶ መሄድ ነው።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር። ወርቅ ቤቶች የሚይዟት፣ 10 እጥፍ የምታጎላዋ ትበቃለች። የስልክ ካሜራ ምስሉን በራሱ ስለሚያሳምር አላምነውም። ቀለሙ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ ከሆነ የማሽን ፖስተር ነው፤ እዚሁ አበቃ።

ነጠብጣብ ከሌለው ገልብጡት። አታሚው ወረቀቱን ቀለም በተቀባው የቼሪ እንጨት ላይ አንጥፎ ጀርባውን ባሬን በሚባል ክብ መጫኛ ያሸዋል። ስለዚህ ቀለሙ ወደ ጀርባ ይዘልቃል፣ የእሽቱም ዱካ ይቀራል። ይህ ግን በእጅ መታተሙን እንጂ ዕድሜውን አይናገርም።

ዕድሜውን የሚያወጣው የተሳለችው ሴት ፀጉር ነው። ከጆሮ ግንዷ ሽቅብ የሚነሱትን ክር መሰል መስመሮች አተኩራችሁ እዩ። የብሪቲሽ ሙዚየም ወይም የቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት በድረ ገጻቸው ካስቀመጡት ተመሳሳይ ህትመት ጋር አስተያዩ። አንድ እንጨት ሲያረጅ መስመሩ ይወፍራል፣ ይቆራረጣል፤ ቦታውን ግን አይለቅም። እንደ አዲስ የተቀረጸ ከሆነ የሆነ ቦታ አንዷ ፀጉር አጥራ ትቀራለች፣ ወይም ጎረቤቷን የማትነካው ትነካለች። ሦስት አራት ቦታ ፈትሹ፤ አንድ ልዩነት የወረቀት እጥፋት ሊሆን ይችላል። መስመሩ ጥርት ማለቱ ብቻ አያታልላችሁ፤ አዲስ ቅርጽም ጥርት ያለ ነው።

ቀለሙም ይመሰክራል። የጥንቱ ሮዝ የሚወጣው ከሱፍ አበባ ነው፤ እኛ በጾም ፍሬውን ከምንጠጣው ተክል። ብርሃን ቶሎ ያጠፋዋል። በ1790ዎቹ ታተመ የተባለ ስዕል ከንፈሩ ትናንት የተቀባ ከመሰለ ጠርጥሩ። ደማቁ የፋብሪካ ቀይና ሐምራዊ የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ስለሆነ የዚያ ዘመን ሠዓሊ ለሆነው ለቺካኖቡ ያምርበታል፣ ለኡታማሮ ግን አይሆንም።

የሠዓሊው የኢቶ ሺንሱይን የመሰሉ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ከሆኑ የአሳታሚውን የዋታናቤን ማህተም እዩ፤ ቅርጹ በየጊዜው ስለተለዋወጠ የህትመቱን ዘመን ይጠቁማል።

ሻጩ ቅጂ መሆኑን ተናግሮ በቅጂ ዋጋ ከሸጠላችሁ ግን ግዙት። ፀሐይ ለሚመታው ግድግዳ ከዋናው ይልቅ እሱ ይሻላል።