«ወፈርሽ»፣ «ከሳህ» ሲባሉ፦ የሰውን አስተያየትና የጤናን ልክ ለይቶ ስለመያዝ

በአገራችን የተጠፋፉ ወዳጆች ሲገናኙ ሰላምታው ሳያልቅ የሰውነት ግምገማው ይጀመራል። «ተመችቶሻል»፣ «ምነው እንዲህ ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» የሚሉት ንግግሮች አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት የሚወጡ አይደሉም። እህል ብርቅ በነበረበት ዘመን ሥጋ መልበስ የጥጋብ ምልክት ነበር፤ አዲስ ያገባች ሴት ከከሳች ወቀሳው ለባሏ ነው፤ ኤችአይቪ ብዙ ሰው በፈጀበት ወቅት ደግሞ መክሳት በራሱ ለሐሜት ይዳርግ ነበር። ቦርጭም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሹመትና የገንዘብ ማስረጃ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ የከተማዋ ወጣት ከዘመዶቿ «ምነው አትበዪም» ስትባል፣ ስልኳ ላይ የምታየው ሁሉ ደግሞ «ቅጠኚ» ይላታል። ሁለቱም ወገኖች ስለ ጤናዋ የሚያውቁት ነገር የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሰውን ዓይን በመለኪያ መተካት ነው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው በሚቀመጡ ልጆች ዘንድ መመዘን ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ሚዛኑ ወጣ ገባ ባለ ኮብልስቶን ላይ ከተቀመጠ፣ እርስዎም ጫማና ካፖርት እንዳደረጉ ከወጡበት፣ ቁጥሩ አይታመንም። በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ፣ ቀለል ባለ ልብስ መመዘን ይሻላል፤ በወር ሁለት ጊዜም ይበቃል። ያገኙትን ኪሎ በሜትር ለተለካው ቁመትዎ ያካፍሉ፤ ውጤቱን እንደገና ለቁመትዎ ያካፍሉ። ለምሳሌ ቁመቱ 1.68 ሜትር፣ ክብደቱ 78 ኪሎ የሆነ ሰው 27.6 ያገኛል። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ለአዋቂ ሰው ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ ነው፤ ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ውፍረት ይባላል። ለነፍሰ ጡሮችና ለልጆች ይህ አመዳደብ አያገለግልም።

ይህ ቁጥር ብቻውን አያደርስም፤ ጡንቻን ከስብ አይለይም፣ ስቡ የት እንደተከማቸም አይናገርም። ሆድ ዕቃን ከብቦ የሚከማቸው ስብ ከዳሌና ከጭን ስብ ይልቅ ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ያጋልጣል። በመሆኑም የልብስ ሰፊ ሜትር ይዋሱና በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ሆድን ሳይስቡ፣ ትንፋሽዎን እንደወትሮው አስወጥተው ይለኩ። ሱሪ የሚታሰርበት ቦታ ልኩ አይደለም፤ ቦርጫም ወንዶች ቀበቷቸውን ከሆዳቸው በታች አስረው «የወገቤ ቁጥር አልተለወጠም» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ሥጋቱ ይጀምራል፤ ለሴት ከ88፣ ለወንድ ከ102 ሲያልፍ በእጅጉ ይጨምራል።

«እኔ ቀጭን ነኝ» የሚል ሰውም ቢሆን የቤተ እስራኤላውያንን ታሪክ ቢያስታውስ ይበጀዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ከሄዱት መካከል አብዛኞቹ ሰውነታቸው የቀጠነ የገጠር ሰዎች ነበሩ፤ አመጋገባቸውና እንቅስቃሴያቸው ከተለወጠ በኋላ ግን የስኳር በሽታ፣ ያውም ብዙም ባልወፈሩት ላይ ሳይቀር፣ በብዛት ታየባቸው። ስለዚህ ወፍራምም ሆኑ ቀጭን የደም ግፊትዎን ያስለኩ፤ በተደጋጋሚ 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በባዶ ሆድ የሚደረገው የስኳር ምርመራም 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ ካሳየ እንዲሁ።

ክብደት መቀነስ ካስፈለገ ከእንጀራው በፊት ዘይቱን ይመልከቱ። የጾም ወራት ያከሳል ብለን እናምናለን፤ ነገር ግን የጾም ወጥ ሲሠራ ዘይቱ ሳይለካ ከጠርሙሱ እየተንቆረቆረ ሽንኩርቱ ላይ ይወርዳል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። በማንኪያ እየለኩ መጨመር፣ ለስላሳን መተው (በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ)፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ጥሩ መነሻ ነው። ከክብደትዎ ከመቶ አምስት እጁ እንኳ ቢቀንስ ግፊትና ስኳር ይሻሻላሉ። ለማክሳት ወይም ለማወፈር ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ክኒን ግን አይንኩ፤ በተለይ ዴክሳሜታሶን የሚያወፍር ቢመስልም ስኳርንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቋረጥም ለሕይወት ያሰጋል።

አስቸጋሪው ማዕድ ላይ ነው። «በሞቴ» እየተባለ የሚቀርብን ጉርሻ መግፋት ቅያሜ ያመጣልና፣ ከመነሻው ጥቂት አንሥተው ቀስ ብለው ይብሉ፤ የመጀመሪያውን በደስታ ተቀብለው፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» የሚል ሰው ከመጣ ሁለተኛውን አነስ እንዲያደርግ ይለምኑት። ስለ ሰውነትዎ አስተያየት የሰጡት ትልቅ ሰው ከሆኑ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ እማማ፤ እርስዎስ ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት?» ማለት ወሬውን ያለ ቅያሜ ያዞረዋል። ለእኩያ «ሰውነቴን ተወውና ሥራ እንዴት ነው?» ይበቃል። በልጆች ፊት ግን ጠንከር ማለት ተገቢ ነው፤ «ድብልብሉ» እየተባለ የሚጠራ ልጅ ከስፖርት ሜዳ ይሸሻል እንጂ አይቀጥንም። ሐኪምም ሕመምዎን ሳይመረምር ሁሉን በውፍረት ካሳበበ፣ «ክብደቱ እንዳለ ሆኖ ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆን?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

በሌላ በኩል፣ ሳያስቡበት ቀጥነው ሰዎች «አማረብህ» ሲሉዎት አይዘናጉ። አመጋገብዎንና እንቅስቃሴዎን ሳይለውጡ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ከመቶ አምስት እጅ፣ ማለትም 78 ኪሎ ለነበረ ሰው አራት ኪሎ ያህል ከቀነሱ፣ በተለይም ውኃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ የሌሊት ላብ ወይም የቆየ ሳል ካለብዎ፣ ስኳር፣ የሳንባ ነቀርሳና የእንቅርት ዕጢ ሕመም መኖር አለመኖሩን ሳይዘገዩ ይመርመሩ።