በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የኤቢኤስ መብራት ሲበራ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ጥገናው

መኪናው ሲነሳ ቢጫው የኤቢኤስ መብራት በዳሽቦርዱ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ ቢጠፋ ሥርዓቱ ራሱን ፈትሾ ጨርሷል ማለት ነው፤ ብልሽት የሚባለው መብራቱ ሳይጠፋ ሲቀር ወይም በጉዞ መሀል ሲበራ ነው። ቢጫው ብቻውን ከበራ መደበኛው ፍሬን ይሠራል፤ የሚታጣው በድንገት ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው እገዛ ነው። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ጠልቆ ከወረደ ግን መኪናው መነዳት የለበትም።

የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ከዚህ ሌላ አንድ ለውጥ ያስተውላል። እግር ከመፍጠኛው ፔዳል ሲነሳ ሞተሩ ኃይል እያመነጨ መኪናውን የሚያቀዘቅዝበት አሠራር የጎማዎቹን ፍጥነት በሚነግሩት ሴንሰሮች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ብዙ መኪኖች የኤቢኤስ ብልሽት ሲያዩ ይህን እገዛ ይቀንሱታል ወይም ያቋርጡታል። መኪናው ያለ ልጓም የሚንሸራተት ይመስላል፤ በአንድ ቻርጅ የሚሄደውም ርቀት ያጥራል። ይህን አይቶ ትልቁን ባትሪ መጠርጠር ስህተት ነው። በተለይ ከጎንደር ተነስቶ በደባርቅ በኩል የሊማሊሞን ቁልቁለት የሚወርድ አሽከርካሪ ሙቀቱ በሙሉ በሸራውና በዲስኩ ላይ እንደሚያርፍ ማወቅ ስላለበት፣ መብራቱ እንደበራ ያንን መንገድ ባይጀምረው አጥብቄ እመክራለሁ።

ምርመራው ከ12 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ ይጀምራል። የኤሌክትሪክ መኪናም ይህ ባትሪ አለው፤ ሲደክም የኤቢኤስን፣ የመሪንና የሌሎችንም መብራቶች በአንድ ጊዜ ያበራል። የተለመደው የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ከሆነ፣ መኪናው ጠፍቶ ካረፈ በኋላ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ ባትሪው ሳይሞላ ወይም ሳይቀየር ወደ ሌላ ምርመራ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ቀጥሎ የኤቢኤስ ፊውዞች ይታያሉ።

ባትሪውና ፊውዙ ደህና ከሆኑ መብራቱ መቼ እንደሚበራ ማስተዋል ብዙ ይናገራል። መኪናው ቆሞ ሳለ ወዲያውኑ የሚበራ ከሆነ የተበጠሰ ሽቦ፣ የላላ ሶኬት ወይም የሞተ ሴንሰር ይጠረጠራል። መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ የሚበራ ከሆነ ግን ሽቦው ደህና ሆኖ ሴንሰሩ የሚልከው የጎማው ፍጥነት ምልክት እየጠፋ ሊሆን ይችላል። በደረቅ አስፋልት ላይ ሊቆም ሲል ፔዳሉ ያለ ምክንያት የሚንቀጠቀጥ ከሆነም የአንዱ ጎማ ምልክት በዝቅተኛ ፍጥነት እየተቆራረጠ ሊሆን ይችላል።

የትኛው ጎማ እንደሆነ የሚለየው የኮምፒውተር ምርመራ ነው። ርካሹ መሣሪያ የኤቢኤስን ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ስለማያነብ ጋራዡ ይህን የሚያነብ መሣሪያ እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የአራቱም ጎማ ፍጥነት በስክሪኑ ላይ እየታየ መኪናው በቀጥታ መንገድ ቀስ ብሎ ሲነዳ፣ ሦስቱ እኩል እያነበቡ ዜሮ የሚያሳየው ወይም የሚዘልለው ጎማ ተፈላጊው ነው። ዜሮ ሳይሆን ዘወትር ትንሽ የሚበልጥ ወይም የሚያንስ ከሆነ የጎማው መጠን ወይም ንፋሱ ከሌሎቹ ጋር ይመሳከር።

ከዚያ መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ በመደገፊያ ላይ በደንብ አርፎ ጎማው ይፈታል። የሴንሰሩ ሽቦ መሪው ሲዞር የሚታጠፍበት ቦታና ከሻሲው ጋር የሚታሰርበት ክሊፕ በጥንቃቄ መታየት አለባቸው፤ በኮብልስቶን የሚመላለስ መኪና ክሊፑን ይጥልና ሽቦው ጎማውን እየነካ ይላጣል። ሶኬቱ ሲከፈት አረንጓዴ ዝገት ከታየ የክረምት ጭቃ ወይም የላቫጆ ውሃ ገብቶበታል፤ በኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ታጥቦና ደርቆ መመለስ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ሴንሰሩ ሲወጣ ጫፉ በጥቁር የብረት ብናኝ ተሸፍኖ ከተገኘ ብናኙ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ የተቀመጠበት ቀዳዳም ከዝገት ይጸዳል። ዝገቱ ሴንሰሩን ከቦታው ገፍቶ ካራቀው ምልክቱ ይደክማል። በዘመናዊ መኪኖች ያለውን ሴንሰር በኦም ለክቶ ጥሩ ወይም መጥፎ ማለት አይቻልም፤ ይልቅ ተመሳሳይ ከሆኑ የግራውና የቀኙ ይቀያየሩ። ችግሩ ከሴንሰሩ ጋር ወደ ሌላው ጎማ ከሄደ ሴንሰሩ ይለወጥ፤ እዚያው ከቀረ ጥፋቱ የሽቦው ወይም ከጎማው ጋር እየዞረ ሴንሰሩ የሚያነበው የቀለበቱ ነው።

መብራቱ ኩሽኔታ ከተለወጠ በኋላ የመጣ ከሆነ መልሱ እዚያው ነው ማለት ይቻላል። በብዙ መኪኖች ሴንሰሩ የሚያነበው ማግኔታዊ ቀለበት በኩሽኔታው አንድ ጎን ላይ የተለጠፈ በመሆኑ፣ ኩሽኔታው ተገልብጦ ከገባ ወይም ቀለበቱ በመዶሻ ከተጎዳ ሴንሰሩ ምንም ያህል ቢለወጥ አያነብም። አዲስ ኩሽኔታ ማስገባት ግድ ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ሥራ ብርቱካናማ ሽቦዎችን መንካት ክልክል ነው፤ እነርሱ ገዳይ ኃይል የሚያልፍባቸው ናቸው፣ የኤቢኤስ ሥራም አያስፈልጋቸውም። ከጥገናው በኋላ በኮምፒውተሩ የተመዘገበው የብልሽት ኮድ ይሰረዝና መኪናው ይነዳ፤ አንዳንዱ መኪና መብራቱን የሚያጠፋው የጎማዎቹን ምልክት በጉዞ ላይ ካረጋገጠ በኋላ ነው።

የኤቢኤሱን ዋና ክፍል መለወጥ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ አዲሱ ክፍልም ከመኪናው ጋር በኮምፒውተር መተዋወቅ አለበት፤ የፍሬን ዘይቱ አየር የሚወጣውም በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዚያው መሣሪያ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ይህን ክፍል ቀይር የሚል መካኒክ አስቀድሞ የአራቱን ጎማ ንባብ፣ ወደ ክፍሉ የሚገባውን ኃይልና ክፍሉን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘውን የኔጌቲቭ ሽቦ ለክቶ ማሳየት ይኖርበታል።