ዋልካ አፈር ያለበትን ጓሮ ለጸደይ ማዘጋጀት

በእኛ አቆጣጠር ጸደይ መጋቢት 26 ገብቶ እስከ ሰኔ 25 ይቆያል። አዲስ አበባ ውስጥ ዋልካ በሚባለው ጥቁር መሬት ላይ ለሚኖር ሰው የጓሮው ሥራ ማለቅ ያለበት በእነዚህ ሦስት ወራት ነው። ክረምቱ ከከበደ በኋላ ዋልካ አይነካም።

መጀመሪያ አጽዱ። አረሙን ዘር ሳይጥል ንቀሉ፤ ፌስታሉንና ስብርባሪውን ልቀሙ። ሰርዶ ካለ ሥሩን በእጅ እየተከተላችሁ አውጡት። በዶማ ከተቆራረጠ እያንዳንዱ ቁራጭ መልሶ ይበቅላል።

ከዚያ ቁፋሮ ነው፤ ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ሊጥ ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆፈርባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ ማግስት፣ አፈሩ ለስልሷል ብዬ ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዤ አስቆፈርኩ። አፈሩ ዶማው ላይ እየተለጠፈ፣ ትልልቅ ጓል ሲገለበጥ ዋለ። ሳምንቱን ፀሐይ ሆነና ጓሉ እንደ ጡብ ደረቀ። በዶማ ጀርባ ብንደበድበውም አልፈታ አለ። የዘራሁት ጎመን በጓሉ መሀል ገብቶ ቀረ፤ ያን ዓመት ምንም አልበላንም።

አሁን ከመቆፈሬ በፊት ከስንዝር ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጥቼ እጨብጣለሁ። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ከተፈረፈረ፣ ያን ቀን ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቼ እቆፍራለሁ። በመዳፌ ሳሸው እንደ ገመድ ከተጠቀለለ ሁለት ሦስት ቀን እጠብቅና ደግሜ አያለሁ። ጨርሶ ካልተጨበጠ በደንብ አጠጥቼ፣ እስኪጠፈፍ እታገሳለሁ። ለዚህ አፈር ባለ አራት ጣት መቆፈሪያ ከአካፋ በጣም ይሻላል፤ ጓሉን ይሰነጥቀዋል፣ አፈሩም አይለጠፍበትም። በዋጋው ቢወደድም እሱን ግዙ።

የተቆፈረውን አፈር ወደ መደብ አንሱት። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ጥቁሩን መሬት በእጃቸው አፈር እያነሱ ሰፊ መደብና ቦይ ያበጁለታል፤ ውሃው ሥሩ ላይ እንዳይተኛ ነው። ለጓሮም 80 ሴንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ቦይ ጥሩ ልክ ነው። ከሁለቱም ወገን እጅ ስለሚደርስ መደቡን መርገጥ አያስፈልግም። የቦዩን መውጫ ግን ከመደቡ በፊት አስቡ። ከጣሪያው አሸንዳ የሚወርደው ውሃ ወደ ጓሮው የሚመጣ ከሆነ አቅጣጫውን አስቀይሩ፤ የጎረቤት አጥር ሥር እንዳይቋጠርም ተመልከቱ። አንድ ክረምት መውጫ ሳላበጅ ቀርቼ ድንቹ በሐምሌ እመሬት ውስጥ በሰበሰ።

መደቡ ላይ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ሁለት ጣት ያህል አልብሳችሁ ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅሉ። የበሰለ ፍግ ጠቁሮ ይፈረፈራል፣ ሽታውም የእርጥብ አፈር ሽታ ነው። ትኩስ እበት ወይም የዶሮ ኩስ ችግኝ ያቃጥላል፤ እሱን ከጭድና ከደረቀ ቅጠል ጋር ከምራችሁ ለሚቀጥለው ጊዜ አቆዩት። ብዙ ሰው አመድ ጨምሩ ይላል። አመድ ኮምጣጣ (አሲዳማ) ለሆነው ቀይ አፈር ይጠቅማል፤ ዋልካ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮምጣጣ ስላልሆነ እኔ አልጨምርበትም።

ጎመን፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ለዚህ ወቅት ይሆናሉ። ቲማቲምን ለበጋ አቆዩት፤ በክረምቱ እርጥበት ቅጠሉን የሚያጠቁር በሽታ ይፈጀዋል። የጎመን ዘር በትንሽ መደብ አፍሉ፤ በስሱ በትናችሁ፣ አፈር ነስንሳችሁ፣ ጭድ አልብሱት። ብቅ ሲል ጭዱን ወደ ማታ ግለጡ፤ በቀትር ከተገለጠ ፀሐዩ ያጠወልገዋል።