ለቱ ስትሮክ ክሮስ ሞተር ዘይትና ቤንዚን አደባለቅ፣ በጎንደር ከፍታ

ቱ ስትሮክ ሞተር የፒስተኑን፣ የፋሻውን (የፒስተኑ ቀለበት) እና የክራንኩን ኩሽኔታ የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ በሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ካምቢዮ ውስጥ የሚሞላው ዘይት ሌላ ነው፤ ፒስተኑ ጋ አይደርስም። ስለዚህ በግምት ማፍሰስ አያዋጣም። አንድ ልክ ምረጡ፣ ሁልጊዜ ለክታችሁ አድርጉ፣ እሱንም አትቀያይሩ። ጭስ ሲበዛ ወይም ካንዴላ ሲጠቁር የሚስተካከለው ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ክፍል) ነው፤ ዘይቱን አትንኩ።

ከመደባለቃችሁ በፊት ሞተሩን እዩት። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉት የራሳቸው የዘይት ማጠራቀሚያና ፓምፕ ስላላቸው ታንካቸው ውስጥ የሚገባው ንጹህ ቤንዚን ነው። ያገለገለ ሞተር ከሆነ ግን ከዘይት ማጠራቀሚያው የሚወጣውን ቀጭን ጎማ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ፓምፑ ተነቅሎ ወይም ጎማው ተደፍኖ ከሆነ መደባለቅ ግዴታ ነው።

32 ለ1 ሲባል 32 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ማለት ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዘይቱ ያንሳል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 1,000ን በቁጥሩ ስታካፍሉ ለአንድ ሊትር ቤንዚን የሚያስፈልገው ሚሊ ሊትር ይወጣል። ለ5 ሊትር እንዲህ ይሆናል፦

በ30 ለ1፣ 167 ሚሊ ሊትር
በ32 ለ1፣ 156 ሚሊ ሊትር
በ40 ለ1፣ 125 ሚሊ ሊትር
በ50 ለ1፣ 100 ሚሊ ሊትር

የሚታዘዘው የሞተሩ መመሪያ ነው። ያማሃ ለዋይዜድ (YZ) ሞተሮቹ 30 ለ1፣ ካዋሳኪ ለኬኤክስ (KX) ሞተሮቹ 32 ለ1 ያዝዛሉ። መመሪያው ከጠፋና ሞተሩ ከተራራ ተራራ እየጮኸ የሚነዳ ከሆነ 32 ለ1 ይሻላል።

ዘይቱ የቱ ስትሮክ፣ ቆርቆሮው ላይ ጃሶ (JASO) ኤፍሲ (FC) ወይም ኤፍዲ (FD) የሚል የጥራት ደረጃ ምልክት ያለው ይሁን። የመኪና ዘይት ሲቃጠል አመድ ይተዋል፤ አመዱ ፋሻውን ያጣብቃል፣ ማርሚታውን ይደፍናል። የጀልባ ሞተር ዘይትም የተሠራው በውኃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ስለሆነ በነፋስ ለሚቀዘቅዘው አይሆንም። ከጉሎ የተሠራ የውድድር ዘይትን ደግሞ ከማዕድን ዘይት ጋር አታገናኙ፤ ሁለቱ በደንብ አይዋሐዱም።

ቤንዚን ጠፍቶ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ከገዛችሁ ዘይት ሳታስገቡ ፈትኑት። አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉና ጠብቁ። ንጹሑ ተንኖ ይጠፋል፤ ላምባ ወይም ናፍጣ የገባበት የቅባት ክብ ትቶ ይቀራል። ላምባ የገባበት ቤንዚን ሲሊንደር ውስጥ ያለጊዜው እየፈነዳ የፒስተኑን አናት ይበላል። ውኃ ካለበትም ከሥር ተለይቶ ይታያል።

ዘይቱን ከፋርማሲ በሚገዛ ባለ 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለኩ። ሲሪንጁ ለዘይት ብቻ ይሁን፤ ቤንዚን የነካው ጎማ ያብጥና አልሄድ ይላል። በንጹህ ጀሪካን ውስጥ የቤንዚኑን ግማሽ አድርጉ፣ ዘይቱን በሙሉ ጨምሩ፣ ከድናችሁ አንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ነቅንቁት። ቀሪውን ቤንዚን ሞልታችሁ እንደገና ነቅንቁ። ማደያው በጀሪካን አልቀዳም ካለ፣ የተለካውን ዘይት በትንሽ ቤንዚን አቅጥናችሁ በጠርሙስ ያዙ፤ ታንኩ ውስጥ መጀመሪያ እሱን አፍስሱ፣ ቤንዚኑ በላዩ ላይ ይቀዳ፣ ከዚያ ሞተሩን ግራና ቀኝ ወዝውዙት። ታንኩ ውስጥ የቀረ ካለ እሱ ዘይቱን ይዟል፤ የምትለኩት ለሚጨመረው ብቻ ነው።

ጀሪካኑ ላይ ልኩንና ቀኑን ጻፉ። ከአንድ ወር በላይ የቆየ ድብልቅ አትጠቀሙ። ቡና የሚፈላበት ከሰል ካለበት ክፍልም አርቁት፤ የቤንዚን ተን መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ያገኛል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተገጠመ ጄት (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ብሎን) እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው በደረቅ ጥላሸት ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይደነዝዛል። ይህን አይቶ ዘይት መቀነስ ትልቅ ጥፋት ነው፤ መድኃኒቱ ዋናውን ጄት በአንድ ደረጃ ማሳነስ ነው። ዘይት መጨመርም ጥቅም የለውም፤ በጄቱ የሚያልፈው ቤንዚን ቦታውን ለዘይት ስለሚለቅ ቃጠሎው ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። ካንዴላው ቀለል ያለ ቡናማ ሲሆን ልክ ነው። እርጥብና ቅባታም ጥቁር ከሆነ ዘይቱ ከመረጣችሁት ልክ በላይ ገብቷል ወይም ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) ብዙ ቆይቷል። ነጭ ከሆነ ቆሙ፤ ቤንዚን አንሷል፣ ወይም በሆነ ቦታ አየር ይገባል።

ለጎንደር ያሳነሳችሁትን ጄት ይዛችሁ ወደ መተማ ቆላ አትውረዱ። እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ፒስተኑም ይቀልጣል። ትልቁን ጄት መልሱና ውረዱ። ወደ ደባርቅ ስትወጡ ግን የሚመጣው ጭስና ድክመት ብቻ ነው።

ከደባርቅ በሊማሊሞ ስትወርዱ ሌላ አደጋ አለ። የነዳጅ መስጫውን እጀታ ለቃችሁ በማርሽ ስትይዙት ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፣ የሚገባው ቤንዚን በጣም ጥቂት ስለሆነ ግን ዘይቱም ጥቂት ነው። ፍሬን ተጠቀሙ፤ በየጥቂቱ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ነዳጅ ሰጥ አድርጉ። ሞተሩ በድንገት እንደታነቀ ሆኖ ጉልበቱ ከጠፋ ፒስተኑ ሊነክስ (ሲሊንደሩ ላይ ሊጣበቅ) ነውና ወዲያው ፍሪሲዮን ያዙ፣ ጎማው እንዳይቆለፍ። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አታስነሱት፤ ሲቀዘቅዝም መጀመሪያ በፔዳሉ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፣ የሚፋቅ ነገር ከተሰማችሁ ሲሊንደሩ ሳይከፈት አትንዱት።