«ደረጃው ወረደ» ከማለታችሁ በፊት፦ የህንድ የድንጋይ ከሰል ካሎሪ ሲጋጭ

ህንድ ውስጥ በአንድ የከሰል ኃይል ማመንጫ ላብራቶሪ ስሠራ ይህን ጭቅጭቅ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሻጭ «ጂ10 ነው የላክሁት» ይላል። ጂ የከሰሉ ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ደረጃው ይወርዳል። ገዢ «ጂ12 ነው የደረሰኝ» ይላል። ሁለቱም የላብራቶሪ ወረቀት ይዘዋል።

ምልክት፦ ውጤታችሁ ከፋክቱሩ አንድ ሁለት ደረጃ ያንሳል

ብዙ ጊዜ ከሰሉ ምንም አልሆነም። ቁጥሮቹ የተሰሉበት እርጥበት ነው የተለያየው።

ህንድ እ.ኤ.አ. ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ ከሰልን በካሎሪ፣ ማለትም ሲቃጠል በሚሰጠው ሙቀት፣ ከጂ1 እስከ ጂ17 ትመድባለች። ደረጃዎቹ በ300 ኪሎካሎሪ ይራራቃሉ። ጂ10 በኪሎ ከ4301 እስከ 4600 ነው። ይህ ግን ናሙናው በ40 ዲግሪ ሙቀትና በ60 በመቶ የአየር እርጥበት ውስጥ ቆይቶ በሚይዘው ውሃ ልክ ነው የሚሰላው። ማመንጫው ደግሞ እንደደረሰው፣ ከነውሃው ያሰላል።

ማዕድን ማውጫው በ6 በመቶ እርጥበት 4450 አገኘ እንበል። ጂ10 ነው። የህንድም ዝናብ እንደኛው ክረምት ነው፤ ያው ከሰል 18 በመቶ ውሃ ይዞ ይደርሳል። 4450ን በ82 (100 ሲቀነስ 18) አባዙ፣ ለ94 (100 ሲቀነስ 6) አካፍሉ። 3882 ገደማ ይመጣል፤ ጂ12 ማለት ነው።

መፍትሄው ሁለቱንም ቁጥር ወደ አንድ እርጥበት ማምጣት ነው። አንድ ክረምት የአቤቱታ ደብዳቤ ተጽፎ ፊርማ ብቻ ቀርቶት ነበር። «በየትኛው እርጥበት?» ብዬ ጠየቅሁ። የሚመልስ ጠፋ። ወረቀቱ ላይ የእርጥበቱ ቦታ ባዶ ነበር። እርጥበቱ ያልተጻፈበት የካሎሪ ቁጥር አትቀበሉ። በጭራሽ።

ውሃው አይጎዳም አላልኩም። በከሰል ዋጋ ውሃ መግዛት ያናድዳል። ግን እሱ የክብደት ጉዳይ ነው፤ በውሉ የእርጥበት ተቀናሽ ተከራከሩበት።

ምልክት፦ እርጥበቱ ከዝናቡ ጋር አይመጣጠንም

ናሙናው በላስቲክ ከረጢት ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ላስቲኩ ከውስጥ አልቦታል። ሠራተኛው ከሰሉን አራገፈና ጠብታውን ከነከረጢቱ ጣለው! ለውሃ ሊቀነስልን የሚገባው ገንዘብ አብሮ ሄደ። ከረጢቱን ሁለቴ እሰሩ፣ ጥላ ውስጥ አኑሩ፣ ከነከረጢቱ መዝኑ።

ምልክት፦ እርጥበቱ ተስተካክሎም ልዩነቱ አለ፣ አመዱም በዝቷል

ናሙና አወሳሰድ ነው። ከፉርጎው አናት ላይ በአካፋ ዝቆ ትልልቁን ድንጋይ በእግሩ ገፋ የሚያደርግ ሰው አይቻለሁ። ድንጋዩም ተመዝኖ ተከፍሎበታል፤ ናሙናው ውስጥ ይግባ። ከላይ ብቻ አትውሰዱ፣ ቆፍሩ።

ምልክት፦ ሁሉም ናሙና በአንድ አቅጣጫ ያጋድላል

ካሎሪሜትሩን፣ ማለትም ሙቀቱን የሚለካውን መሣሪያ፣ ካሎሪው በሚታወቀው በቤንዞይክ አሲድ ፈትሹ። በኪሎ 6318 ኪሎካሎሪ ገደማ ካልሰጠ እንደገና አስተካክሉት።

ምልክት፦ ውሉ ከኤ እስከ ጂ ባሉ ፊደላት ይናገራል

የድሮው አመዳደብ ነው። ከ8900 ላይ የአመድና የእርጥበት ድምር በ138 ተባዝቶ ይቀነስ ነበር። ከአዲሱ ቁጥር ጋር አታወዳድሩት።

ምልክት፦ 4290 እና 4310

ዋጋው በደረጃ ስለሚዘል ይቺ 20 ኪሎካሎሪ ገንዘብ ናት። አንድ ላብራቶሪ ራሱ ደግሞ ቢለካ እንኳ ይህን ያህል ሊለያይ ይችላል። አትጨቃጨቁ፤ ከሻጭና ከገዢ ናሙና ሌላ ለክርክር ታሽጎ የተቀመጠውን ሦስተኛ ናሙና ለገለልተኛ ላብራቶሪ ላኩ። ከመላካችሁ በፊት ማሸጊያው አለመነካቱን ሁለታችሁም አይታችሁ ፈርሙ።