ፓስቴል ሲያስቸግር፦ የትንንሽ ስቲል ላይፍ ሠዓሊ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ለስላሳ ፓስቴል በጠመኔ መልክ የተሠራ የቀለም ዱቄት ነው። በጣም ትንሽ ማጣበቂያ ብቻ ነው አያይዞ ያቆመው። የዘይት ቀለም ደርቆ ይጠነክራል፤ ፓስቴል ግን የሚደርቅ ነገር የለውም። በወረቀቱ ሻካራ ገጽ ውስጥ፣ በጥቃቅን ጉድጓዶቹ ተሸጉጦ ይቀመጣል፤ በቃ። እኔም ሥዕል ሲበላሽብኝ መጀመሪያ ራሴን የምጠይቀው «ዱቄቱ የት ገባ?» ብዬ ነው። ከታች ያሉት ችግሮች ብዙዎቹ በዚህ ጥያቄ ይፈታሉ።

የምሠራው ትንንሽ ስቲል ላይፍ፣ ማለትም የማይንቀሳቀሱ ዕቃዎች ሥዕል ነው፤ አብዛኛው 15 በ20 ሴንቲ ሜትር። አንድ ፍሬ፣ አንድ ሲኒ፣ የታጠፈ ጨርቅ። በዚህ መጠን ስህተት መደበቂያ የለውም።

ቀለሙ ጭቃ ሆነ

ምልክቱ ይታወቃል። ፍሬው ቀይ ነበር፣ ጥላው ላይ አረንጓዴ ጨመራችሁ፣ በጣት አሸት አሸት አደረጋችሁት፤ ግራጫም ቡኒም ያልሆነ ነገር መጣ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ማሸቱ ነው። ቀይና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ፣ ቢጫና ሐምራዊ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል፤ ሲታሹ ግን ይገዳደላሉ። ሁለተኛው ፓስቴሎቹ ራሳቸው መቆሸሻቸው ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ ሲንከባለሉ ቢጫው የሰማያዊውን ዱቄት ይለብሳል። ቢጫ ያነሳችሁ መስሏችሁ አረንጓዴ ታሰምራላችሁ።

ወረቀቱ ላይ ያለውን ጭቃ በተራ ላጲስ አትንኩት። ላጲሱ ዱቄቱን ወደ ውስጥ ይደፍቀዋል፤ ቦታውም ይላላጣል። ሰሌዳውን ወደ ፊት አዘንብሉና በደረቅ ጠንካራ ብሩሽ ጠረግ አድርጉት፤ ዱቄቱ ይረግፋል። የቀረውን እንደ ሊጥ በሚለወስ ላጲስ ጫን እያደረጋችሁ አንሱት። ጫን፣ ማንሳት። መፈተግ የለም። የቆሸሹትን ፓስቴሎች ደግሞ ጥሬ ሩዝ ባለበት ማሰሮ ውስጥ ጨምራችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቋቸው። ሩዙ ሲያድፍ እነሱ ይጠራሉ።

ማሸት ልማድ የሆነባችሁ ካላችሁ የሻርደንን ፊት እዩ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ በዘይት ቀለም ስቲል ላይፍ ስሙን ያስጠራ ሰው ነው። በእርጅናው ዓይኑን ሲታመም ወደ ፓስቴል ዞረ፤ በ1771 መነጽር አድርጎ የሳለው የራሱ ምስል ዛሬ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ አለ። ሰሞኑን ደግሜ ደጋግሜ ሳየው ነበር። የፊቱ ቆዳ ላይ ሰማያዊና ቀይ መስመሮቹ ሳይታሹ ተቀምጠዋል። ከራቅ ብሎ ለሚያይ ግን ሕያው ሥጋ ነው።

ወረቀቱ ቀለም አልቀበል አለ

ፓስቴሉ ይንሸራተታል፤ አዲሱ ቀለም አሮጌውን ይገፋል እንጂ አይይዝም።

የወረቀቱ ጉድጓዶች ሞልተዋል ማለት ነው። ጥፋቱ የተሠራው አሁን ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ነው፤ እጃችሁን አክብዳችሁ ጀምራችኋል። መጀመሪያ ጠንከር ያለውን ፓስቴል በጎኑ አጋድማችሁ፣ ወረቀቱን እንደመዳሰስ አድርጋችሁ አስኪዱ። በጣም ለስላሳውን ለመጨረሻ አስቀምጡት። አንዳንዴ የመጀመሪያውን ንብርብር አልኮል በነካ ብሩሽ አጥበዋለሁ። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ይሰርጋል፣ በደቂቃዎች ይደርቃል፤ ሻካራነቱ ለቀጣዩ ንብርብር ነፃ ሆኖ ይቀራል። ይህ የሚሆነው እርጥበት በሚችል፣ አሸዋማ ገጽ ባለው የፓስቴል ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ስስ ወረቀት ይጨማደዳል።

ከሞላ በኋላስ? ቀለል ያለ ፊክሳቲቭ (ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቅ የሚረጭ ፈሳሽ) ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቀት ቢረጭ ትንሽ ሻካራነት ይመልሳል። ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ በተለይ ብሩህ ቀለሞች ይጨልማሉ። ስለዚህ መሐል ላይ እረጫለሁ እንጂ መጨረሻ ላይ አልረጭም። ለነጩ የደከማችሁበትን ሥዕል በአንድ ርጭት አታጥፉት።

ሲኒው ጠፍጣፋ ሆነ

ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት፤ ወይም በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሱት። ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ ችግሩ ቀለም ሳይሆን ብርሃንና ጨለማ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ጥላ ውስጥ የሚታየው የተንጸባረቀ ብርሃን ነው፤ ዓይን ያጋንነዋል። ብርሃን ካረፈበት ጎን ሁልጊዜ ይጨልም። እኔ በጣም ጨለማውን ቦታ አስቀድሜ አስቀምጣለሁ፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ይለካል።

ጥላው ቦታ ቀየረ

ፀሐይ ናታ። ዕቃዎቹን አንድ ጎኑ የተከፈተ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡና በአንድ መብራት ብቻ አብሩላቸው። የእያንዳንዱን ዕቃ መቆሚያ በቴፕ ምልክት አድርጉ። አበባ ካለ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ፤ ሲኒው አይጠወልግም።

ማታ ማታ ያስላል

ይህን እባካችሁ ቸል አትበሉት። ይህን ሥራ በየቀኑ የሚሠራ ሰው ዱቄቱን በየቀኑ ይተነፍሳል። አንዳንዶቹ ቀለሞች ካድሚየምና ኮባልት አለባቸው።

ትልቁ ምክንያት «እፍ» ማለት ነው። ትርፍ ዱቄት ሲታየን እናነፍሰዋለን፤ እሱም ተነስቶ ፊታችን ላይ ይመለሳል። እፍ ማለት ይቅር። ሰሌዳውን ቀጥ አድርጉት ወይም ወደ እናንተ ትንሽ ይዘንበል፤ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ። ዱቄቱ እዚያው ይወድቃል። ወለሉን በደረቁ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ረጅም ሰዓት ስትሠሩ ኤን95 ማስክ አድርጉ። ሥራ ቦታ ላይ አትብሉ።

መስተዋቱ ውስጥ ቀለም ታየ

አንድ ገዢ ሥዕሌን መልሶ አምጥቶልኝ ያውቃል። ከውስጥ በኩል መስተዋቱ ላይ የፍሬው ቀይ ታትሞበታል። በጣም ደነገጥኩ። ፍሬም የሠራልኝ ሰው መስተዋቱን በቀጥታ ወረቀቱ ላይ አስተኝቶታል፤ እኔም ሳልከፍት አስረክቤአለሁ።

ፓስቴል መስተዋት መንካት የለበትም። በመሐል ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ በወፍራም ፓስፓርቱ (ሥዕሉን ዙሪያውን የሚከበው የካርቶን ጠርዝ) ወይም ጠርዝ ላይ በሚደበቅ ስስ ዘንግ። ፕላስቲክ መስተዋት አትጠቀሙ። ሲወለወል ኤሌክትሪክ ይይዝና ዱቄቱን ከወረቀቱ ይስባል። ፓስፓርቱ ካለ ከኋላው ትንሽ ክፍተት ተዉለት፤ የሚረግፈው ዱቄት ነጩ ጠርዝ ላይ ሳይሆን እዚያ ውስጥ ይወድቃል። አሁን ለማንም ፍሬም ሠሪ ይህን ሳልነግር ሥዕል አልሰጥም።

ሮዙ ደበዘዘ

አንዳንድ ሮዝና ሐምራዊ ቀለሞች ብርሃን አይችሉም። አዲስ ስትገዙ ወረቀት ላይ አስምሩ፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍኑ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ለጥቂት ወራት ተዉት። ሁለቱ ግማሾች ከተለያዩ ያንን ቀለም ለሚሸጥ ሥራ አትጠቀሙበት።

ከአንድ ሰዓት በፊት ጥሩ ነበር

ይህ በጣም የሚያመኝ ችግር ነው። ሥዕሉ አልቆ ሳለ እጄ አያርፍም። አንዷን መስመር ላስተካክል እላለሁ፤ ያቺ መስመር ሌላ ትጠራለች፤ ጉድጓዶቹ ይሞላሉ።

ሁለት ሰሌዳ ጎን ለጎን ማቆም ረድቶኛል። እጄ ሲቁነጠነጥ ወደ ሁለተኛው አዞረዋለሁ። የመጀመሪያውን ከሁለት ሜትር ርቀት አየዋለሁ፤ ከዚያ ርቀት የማይታይ ስህተት አልነካም። በመጨረሻ ሲኒው ከንፈር ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ በአዲስ በተሰበረ የፓስቴል ጠርዝ አንድ ጊዜ ጫን አድርጌ አነሳለሁ። ከዚያ ወረቀቱን ከሰሌዳው ፈትቼ፣ ግላሲን የሚባለውን ለስላሳ፣ ዱቄት የማይዝ ስስ ወረቀት አልብሼ፣ በሁለት ጠንካራ ካርቶኖች መሐል እንዳይንሸራተት በቴፕ አስረዋለሁ።